ማማ ዲግናን ፍለጋ

ጥሩነህ በቶሮንቶ ኤርፖርት የሰው ሻንጣ ሲጭን ሃያ ሁለት ዓመት ሞላው። ጥር ገብቶ የሚኖርበት የሬክስዴል ሰፈር ብርድ ጆሮ መቁረጥ ሲጀምር ከተማው በሙሉ ወደ ካሪቢያን ባሕር ይነቅላል። ነጠላ ጫማና የዋና ልብስ የታጨቀበትን የዚያን ሁሉ ሰው ሻንጣ፣ ጓንት ላይ ጓንት ደርቦ፣ አፍንጫው እየፈሰሰ የሚጭነው እሱ ነው። "ሃቫና" የሚል ወረቀት የታሰረበት ሻንጣ ሲደርሰው ግን አይወረውርም። እንቁላል እንደያዘ ሰው ቀስ አድርጎ ያስቀምጠዋል። ባልደረቦቹ ይስቁበታል፤ እሱም ምክንያቱን ነግሯቸው አያውቅም።

ነገሩ የቆየ ነው። አባቱ በኦጋዴን ጦርነት ሲሞት ጥሩነህ ገና አሥር ዓመቱ ነበር። መንግሥት አባቶቻቸውን በጦርነት ያጡ ልጆችን ሰብስቦ በመርከብ ወደ ኩባ ሲልክ፣ እሱም እናቱን ደብረ ብርሃን ትቶ ሄደ። ያደገው የወጣቶች ደሴት በምትባለው ቦታ ነው። ጧት ክፍል ይገባሉ፤ ከሰዓት ብርቱካን ይለቅማሉ። ግማሽ ቀን ደብተር፣ ግማሽ ቀን ቅርጫት። ዛሬም አጠገቡ ሰው ብርቱካን ሲልጥ ሽታውን ለመሳብ ቆም ይላል።

ማማ ዲግና የመኝታ ቤታቸው ኃላፊ ነበረች። ወፍራም፣ ቁጡ፣ ሲጋራ ከአፏ የማይለይ ሴት። የአርባ ልጆችን ስም ከነአባታቸው ታውቃለች። ጥሩነህ እዚያ በገባባቸው የመጀመሪያ ወራት አልጋው ላይ ይሸና ነበር። ማማ ዲግና ሌሎቹ ሳይነቁ መጥታ አንሶላውን ትለውጥለታለች፤ ለማንም ትንፍሽ አላለችም። እሑድ እሑድ ጥቁር አሸዋ ወዳለበት ባሕር ዳር ይዛቸው ትሄዳለች። ዋና ያስተማረችው እሷ ናት፤ መዳፏን ሆዱ ሥር አድርጋ፣ ሳይሰማው ቀስ እያለች እየለቀቀችው።

በሃያ ዓመቱ ሲሰናበታት "በአምስት ዓመት ውስጥ እመለሳለሁ" አላት።

"እጠብቅሃለሁ" አለችው።

አገሩ በገባ በሁለት ዓመቱ መንግሥት ተለወጠ፤ ይጻጻፉት የነበረው ደብዳቤ ተቋረጠ፤ እሱም ኬንያ ተሰደደ፣ ከዚያም ቶሮንቶ። ከዚያ ወዲያ የያዘው እፍረት ነው እንጂ መንገድ ማጣት አልነበረም። አምስቱ ዓመት አሥር ሲሆን አፈረ፤ ሃያ ሲሆን ይብስ አፈረ። እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ አውሮፕላኑ በየቀኑ ከአፍንጫው ሥር ይነሳ ነበር።

በመጨረሻ ትኬቱን የቆረጠችለት ቶሮንቶ የተወለደችው ልጁ ኤልያና ናት።

"አባ፣ ኩባን ቡክ አድርጌዋለሁ። ለሁለታችን። ሪፈንድ የለውም።"

"ሥራ አለብኝ እኮ።"

"ማሚ ሱፐርቫይዘርህን ኮል አድርጋለች። ዳን፣ አልቋል!"

ሚስቱ ጸዮን ከወጥ ቤት ሆና ጮኸች፦ "ሰማንያ ስድስት ዓመቷ ነው አላልክም? ሴትዮዋ እስክትሞት ነው የምትጠብቀው?"

ጥሩነህ ጓዳ ገብቶ ለማማ ዲግና የሚሆን ጋቢ ፈለገ።

የኤልያና ሆቴል ታዲያ ነጭ አሸዋ የተነጠፈበት፣ ከደሴቷ የራቀው የቫራዴሮ መዝናኛ ሆኖ ተገኘ። ለሷ ኩባ ሁሉ አንድ ነው። እጃቸው ላይ የፕላስቲክ አምባር አሰሩላቸው፤ ብሉ፣ ጠጡ ተባሉ። ጥሩነህ አንድ ሌሊት አድሮ በማግስቱ ቦርሳውን አነሳ።

"አባ፣ ቢቹ እኮ እዚህ ነው!"

"የኔ ባሕር ዳር ሌላ ነው" አላት።

አሮጌው ሃቫና ሲደርሱ ሁሉን አወቀው። እስፓኞች የገነቡት ምሽግ፣ ያ ሁሉ ባለበረንዳ ቤት እንዳለ አለ፤ ቀለሙ ብቻ ተላልጧል። "እዚች ደረጃ ላይ አርባ ልጆች ሆነን ፎቶ ተነስተናል" አላት። "እዚያ ጋ ደግሞ አይስክሬሜ ወድቆብኝ አልቅሻለሁ።" ኤልያና የምታውቀው አባት ከሥራ ገብቶ ሶፋ ላይ የሚተኛውን ነበር። ይህኛው እየሮጠ ይቀድማታል።

በጀልባ ወደ ደሴቷ ተሻገሩ። ትምህርት ቤቱ ጣሪያው ወርዶ ፍየል ተሰማርቶበታል። የብርቱካኑን እርሻ እሾህ ውጦታል። ጥሩነህ ብዙም አልቆመም፤ የቸኮለው ለሰው ነው። የማማ ዲግናን ቤት ጠይቆ አገኘው። በሩን የከፈተችው ልጇ ኦዳሊስ ነበረች፤ ፀጉሯ ሸብቷል። ከላይ እስከ ታች አየችውና ስሙን ጠራችው።

"ማማስ?" አላት በእስፓኝኛ።

"ለሕክምና ሃቫና ናት። ነገ ትመጣለች" አለችው። "አሁን ግቡና ብሉ።"

በሃቫና አልፎ በመምጣቱ ተናደደ፤ ነገ ማለት ግን ምንም አይደለም። ሩዝና ጥቁር ባቄላ ቀረበላቸው። እሱም የማንበቢያ መነጽሩን፣ የቁርጥማት ቅባቱን፣ ጋቢውን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ደረደረ። ኦዳሊስ ጋቢውን ዳሰሰችና ቶሎ ወደ ጓሮ ወጣች። ያን ሌሊት ጥሩነህ ማማ ዲግናን አቅፎ ምን እንደሚላት እያሰላሰለ፣ በራሷ አልጋ ላይ፣ ሕፃን ሆኖ ተኛ።

ጎህ ሊቀድ ሲል የእግር ኮቴ ሰማ። የአንድ ሰው አይደለም። በሩ ላይ ሰዎች ቀስ ብለው ይሰበሰባሉ፤ አንዱ ይስላል፤ ማንም አይናገርም።

ሌላ ሰው ቢሆን ምን ፈልገው ነው ይል ነበር። የኢትዮጵያ ልጅ ግን ይህን ሰዓትና ይህን ዝምታ ያውቀዋል። መርዶ ነው። በአሥራ አራት ዓመቱ የእናቱን ሞት ሊያረዱት ኢትዮጵያውያን መምህራኑ የመጡት በዚሁ ሰዓት፣ እንዲሁ ተሰብስበው ነበር። ማማ ዲግና ያኔ ከኋላቸው ቆማ፣ ለምን ትናንት እንዳልነገሩት ስትጠይቅ ሰምቷል።

ኦዳሊስ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

"ማማ ከሞተች አራት ዓመቷ ነው" አለችው። "ትናንት ስለዋሸሁህ ይቅር በለኝ። እሷ ናት ያዘዘችኝ። 'ጥሩነህ ይመጣል። በደረሰበት ቀን እንዳትነግሪው፤ በልቶ ይተኛ። በነሱ ወግ ሞት የሚነገረው ሲነጋ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ ነው። ብቻውን እንዳይሰማ' ብላኛለች።"

ጥሩነህ ጮኸ። እንደ አገሩ ሰው ደረቱን እየመታ፣ ድምፁን ለቆ አለቀሰ፤ ጎረቤቶቹም ገብተው ያዙት።

በጩኸቱ የነቃችው ኤልያና በባዶ እግሯ ሮጣ መጣች። የሚባለው እስፓኝኛ አልገባትም።

"አባ! ምንድን ነው? ማን ሞተ?"

"አያትሽ" አላት።