ባዶው የአክሲዮን ፍሬም

አጎቴን ጋሼን ሳስታውስ ፊቴ ላይ ድቅን የሚለው፣ ጎሮ ባለው ቤታቸው ሳሎን የተሰቀለው ፍሬም ነው። የባንክ አክሲዮን ሰርተፊኬታቸው ነበረበት። ለሚኒባስ መግዣ ሲያጥረኝ፣ "ጋሼ፣ ለምን አይሸጡትም?" አልኳቸው።

"ላም ትታለባለች እንጂ ትሸጣለች እንዴ?" ብለው ሰርተፊኬቱን ለሌላ ባንክ አስያዙና ተበደሩልኝ። ፍሬሙን ግን ባዶውን መልሰው ሰቀሉት። እንግዳ በጠየቃቸው ቁጥር፣ "አልሸጥኩትም፣ አስይዤው ነው። ይመለሳል" ይሉ ነበር።

ከመገናኛ ሲኤምሲ እየሠራሁ ብድሩን መዝጋት ስችል፣ ጎማ ልቀይር፣ ቴፕ ላስገባ እያልኩ ዓመት አሳለፍኩ።

ለጋሼ ለቅሶ የመጡ ጎረቤት ፍሬሙን አይተው፣ "ሸጡት እንዴ?" አሉኝ።

"አልሸጡትም፣ አስይዘውት ነው" አልኩ። "ይመለሳል" የሚለው ግን ከአፌ አልወጣ አለኝ።