በሕማማት ያየሁት ኮሜዲ

የመጀመሪያ ቀን ሥራዬ ላይ የፊልሙን መጨረሻ ተናገርኩ።

ላሊበላ ባለው የማኅበረሰብ ሬዲዮ ማስታወቂያ አንባቢ ነበርኩ። የጠፋ በቅሎ፣ የዕድር ስብሰባ፣ የከብት ክትባት፤ ይኸን ሳነብ ዓመታት ቆይቻለሁ። አንድ ጠዋት አዘጋጃችን ምስጋናው «እትዬ አስናቁ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ስለ አዲስ ፊልም የሚያወራ ሰው እንፈልጋለን፤ አንቺ ደግሞ ከሲኒማ ቤት አትጠፊም» አለኝ። እውነቱን ነው፣ አልጠፋም። በዚያው ሳምንት አንድ ትልቅ የውጭ አገር ፊልም አየሁና ቅዳሜ ማይክ ፊት ተቀምጬ እንደ ዜና ከጫፍ እስከ ጫፍ አወራሁት። ማን እንደሞተ፣ ማን እንደገደለ፣ ከተማዋን ማን እንዳዳናት፣ አንድም አላስቀረሁም።

ከስቱዲዮ ስወጣ ጋሽ ሰይድ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ጋሽ ሰይድ የሲኒማ ቤቱ ባለቤት ነው። ሲኒማ ቤት ስል የቆርቆሮ አዳራሽ፣ አግዳሚ ወንበር፣ አንድ ፕሮጀክተርና መብራት ሲጠፋ የሚያንባርቅ ጄኔሬተር ማለቴ ነው።

«ወላሂ አስናቁ» አለኝ፣ «ሙሽራዋን አንቺው ዳርሽ፣ ዘፈኑንም አንቺው ዘፈንሽ፤ እኔ አሁን ድንኳኑን ለማን ልጣል?»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ይቅርታ ጠየቅሁ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ የፊልም መጨረሻ ከአፌ ወጥቶ አያውቅም።

ሥራውን ማንም አላስተማረኝም፤ እየተሳሳትኩ ነው የተማርኩት። ፊልሙ ከደሴ በሃርድ ዲስክ ይመጣል፣ ጋሽ ሰይድ በፍላሽ ገልብጦ ይሰጠኛል። አንድ ጊዜ ቢሮ ውስጥ ብቻዬን፣ ማዳመጫ አድርጌ፣ ደብተር ይዤ አየዋለሁ። ይኼ ለፊልሙ ነው። ሁለተኛውን ዙር አዳራሽ ገብቼ፣ ከፊት በኩል ካለው የጎን ወንበር ላይ ፊቴን ወደ ሰው አዙሬ እቀመጣለሁ። ይኼ ለተመልካቹ ነው። የስልክ መብራት ስለማይፈቀድ በጨለማ ነው የምጽፈው፤ ቤት ስገባ አንዱ መስመር በሌላው ላይ ወጥቶ የራሴን ጽሑፍ ለማንበብ ሻይ አፍልቼ መቀመጥ ነበረብኝ።

ፊት ማየት ብዙ አስተማረኝ። አንድ የቅዳሜ ገበያ ቀን ከአዲስ አበባ የመጣ ዝነኛ ፊልም እየታየ ጀግናው ገደል ይወርዳል። ከገነተ ማርያም ለገበያ የመጡ አንድ ገበሬ ብድግ አሉና «ኧረ ይኼ ሰውዬ ገደል አያውቅም! ለገደሉ ጀርባውን ሰጥቶ ይወርዳል እንዴ?» ብለው ጮኹ። አዳራሹ በሙሉ «እውነት ነው! ፊቱን ያዙር!» አለ። በሌላ ቀን ደግሞ አንዱ የውጭ አገር ተዋናይ ብቻውን መቶ ሰው ሲዘርር ማንም አልተነቃነቀም። ይኸንን እንዳለ በሬዲዮ ተናገርኩት። አንዳንዱ አድማጭ ደውሎ «የገበሬ ወሬ ነው የምታወሪው» አለኝ። «ታዲያ ላሊበላ ተቀምጬ የማን ወሬ ላውራ?» አልኩት።

ኮሜዲ ላይ ግን ኩራት ነበረብኝ፤ አልደብቅም። ተዋናዩ ሲወድቅ ከኋላ ጥሩምባ የሚነፉበትን ፊልም አልወድም። «ሳቅ ሲመጣ እኔው አውቀዋለሁ፣ ጥሩምባ አያስፈልገኝም» እያልኩ በየሳምንቱ እተች ነበር። ሰዉም «አስናቁ ከሳቀች ያስቃል» ይል ጀመር። ይኸን መስማት ደስ ይለኝ ነበር።

ማስተዋል የምትባል ልጅ የመጣችው ያኔ ነው። ጋሸና መምህርት ነበረች። ማስተማሩን ትታ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ኮሜዲ ስትሠራ ቆይታለች፣ የመጀመሪያዋ ነው። ጋሽ ሰይድ ፊልሙን ወዶት ከፋሲካ እስከ ዳግም ትንሣኤ ያለውን ሳምንት ሰጣት፤ ከዓመቱ ሁሉ አዳራሽ የሚሞላበት ሳምንት ነው። በዚያ ሳምንት ሰው ከገባ የሌሎች ከተሞች ሲኒማ ቤቶችም ሊወስዱት ነው። ካልገባ በቃ፣ ከዚያ በኋላ የውጭ አገር ፊልም ተራ ይዟል።

ችግሩ ጊዜው ነበር። የኔ ፕሮግራም ቅዳሜ ነው፤ ከፋሲካ በፊት ያለችው ቅዳሜ ቅዳም ስዑር ናት። ስለዚህ ፊልሙን ማየት ያለብኝ በሰሞነ ሕማማት ነው። አዳራሹም በዚያ ሳምንት ዝግ ነው፤ ጋሽ ሰይድ እስላም ቢሆንም እኛ በምናዝንበት ሳምንት ጥሩምባና ዘፈን አያሰማም፣ ወንበር ሲያስጠግን ይከርማል። ከሰው ጋር የማይበት ሁለተኛው ዙር ቀረ ማለት ነው።

ማስተዋል ፍላሹን በሁለት እጇ ሰጠችኝ። ሕማማት ስለሆነ አልተሳሳምንም።

«እትዬ አስናቁ፣ አባቴ አለበት» አለችኝ። «ሊሠራ የነበረው ተዋናይ ሳይመጣ ቢቀርብኝ በግድ ነው ያስገባሁት። እሱን በደንብ ይዩልኝ።»

ረቡዕ ከስግደት መልስ ቢሮ ገባሁ። ጉልበቴ ተቃጥሏል፣ ከማታ ጀምሮ እህል አልቀመስኩም፣ በዚህ ሳምንት ፊልም መክፈቱ ራሱ ኃጢአት መስሎ ታየኝ። ማዳመጫውን አድርጌ ጀመርኩ።

ታሪኩ ቀላል ነው። የሙሽራ ቁም ሣጥንና ሶፋ የጫነ መኪና ጋሸና መገንጠያው ላይ ጎማው ይፈነዳል። የወንድና የሴት ወገን ሻይ ቤት ገብተው ይጣላሉ። የሻይ ቤቱ ባለቤት የማስተዋል አባት አያ ደምሴ ናቸው፤ በእውነትም እዚያው ሻይ ቤት አላቸው። ሰዉ ሲጯጯህ፣ ሲገፋፋ፣ ሰርጉ ሊፈርስ ሲል እሳቸው ፊታቸው ሳይፈታ መጥተው «ሻይ ላምጣ?» ይላሉ። ሌላ ንግግር የላቸውም።

ሦስተኛው «ሻይ ላምጣ?» ላይ ሳቄ መጣ። ከንፈሬን ነከስኩና መለስኩት። «በሕማማት ትስቂያለሽ? አታፍሪም?» አልኩት ራሴን። አምስተኛው ላይም መጣ፣ መለስኩት። አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ሳቄን ስመልስ ቆየሁና ፊልሙ ሲያልቅ ደብተሬ ላይ «አያስቅም» ብዬ ጻፍኩ።

ይኸን የማወራው ቀልድ እንዲመስል አይደለም። ያኔ ከልቤ አምኜበት ነው የጻፍኩት።

ቅዳሜ ጠዋት እንዲህ ብዬ በሬዲዮ አነበብኩት፦ «ፊልሙ ኮሜዲ ነው ተብሏል፤ እኔ ግን አልሳቅሁም። በተለይ የሻይ ቤቱ ባለቤት ሆነው የሠሩት ሽማግሌ ለቅሶ ቤት የተቀመጡ ይመስላሉ። ካሜራ ፊት ባይቆሙ ይሻላቸው ነበር።» ምስጋናው ከመስታወቱ ማዶ አውራ ጣቱን አነሳልኝ። እኔም ቤቴ ገብቼ ለበዓሉ ዶሮ መገነጣጠል ያዝኩ።

የፋሲካ ማግስት ጋሽ ሰይድ ደወለ።

«ትናንት ሰባት ሰው ገባ» አለኝ። «ሰባት! በፋሲካ! ሰዉ በር ድረስ ይመጣና ‹አስናቁ አያስቅም ብላለች› ብሎ ይመለሳል። ለመሆኑ አንቺ ያየሽው ይኸንኑ ፊልም ነው?»

«ይኸንኑ ነው።»

«እንግዲያው ነገ ነይና ከሰው ጋር እይው። አንቺው ያወጣሽው ደንብ አይደል?»

ማክሰኞ ከቀትር በኋላ ሄድኩ። ጾም ተፈቷል፣ ሆዴ ጠግቧል፣ እህቴና ልጆቿ አብረውኝ አሉ። አዳራሹ ውስጥ ሃያ ሰው ቢሆን ነው። እንደ ልማዴ ፊቴን ወደ ሰው አዙሬ ተቀመጥኩ። የመጀመሪያው «ሻይ ላምጣ?» ላይ ሰው ፈገግ አለ። ሦስተኛው ላይ እህቴ ወንበሩን በእጇ መታች። ስድስተኛው ላይ አንድ ሹፌር ሳቁ አፍኖት ሲያስል ከጎኑ ያለው ሰው ጀርባውን መታ መታ አደረገለት። እኔ ራሴ እንባዬ እስኪወርድ ሳቅሁ። አያ ደምሴ ፊታቸውን ስለማይፈቱ ነው የሚያስቁት። ፊታቸውን ቢፈቱ ፊልሙ የለም። ይኸን ረቡዕ ዕለት ሳቄ ነግሮኝ ነበር፣ እኔ ነኝ አፉን የዘጋሁት።

ሰው ሲወጣ እኔ ከወንበሬ መነሳት አቃተኝ። አፈርኩ። እህቴ «አሁን ይኸንን ነው አያስቅም ያልሽው?» አለችኝ።

ረቡዕ ምስጋናው ጋ ገባሁ። «ፍርዴን ላስተካክል» አልኩት።

«አይሆንም እትዬ» አለ። «ዳኛ በየሳምንቱ ፍርዱን ከገለበጠ ማን ይሰማዋል?»

«ተሳስቼ ዝም ካልኩስ ማን ይስማኝ?»

«ቅዳሜ ሦስት ደቂቃ እሰጥሻለሁ።»

«ቅዳሜማ ሳምንቱ አለቀ! የማስተዋል ፊልም እሑድ ይወርዳል። ዛሬ ካልሆነ ማስታወቂያህን ሌላ ሰው ያንብብልህ።»

እንደዚያ ተቆጥቼ አያውቅም፤ ምስጋናውም ደነገጠ። በዚያው ዕለት ከዜና በኋላ ስቱዲዮ ገባሁ። አላድበሰበስኩም። በሕማማት፣ ከስግደት መልስ፣ በባዶ ሆዴ፣ ሳቄን እየመለስኩ እንዳየሁትና ጥፋቱ የፊልሙ እንዳልሆነ ተናገርኩ። ስለ አያ ደምሴ ያልኩትንም አንስቼ «እሳቸው የፊልሙ ምሰሶ ናቸው፣ ይቅርታ እጠይቃለሁ» አልኩ።

ቅዳሜ ገበያተኛው ሁሉ አዳራሹን ሞላው፤ ቆሞ ያየ ሰው ነበር። ጋሽ ሰይድ አንድ ሳምንት ጨመረላት፣ ቀጥሎ ወልድያና ደሴ ወሰዱት። እኔም እፎይ አልኩ። አበቃ፣ ተስተካከለ ብዬ ነበር።

ማስተዋል ግን ልታመሰግነኝ ስትመጣ ፊቷ ልክ አልነበረም። ምን ሆነሽ አልኳት።

«አባቴ» አለችኝ። «የመጀመሪያውን ትችትዎን ሻይ ቤቱ ደንበኛ በሞላበት ነው የሰማው። ከዚያ ወዲህ ሻይ ቤቱ ውስጥ ‹ሻይ ላምጣ?› ማለት ትቷል። ሰው ሲገባ ዝም ብሎ ይቆማል።»

«ሁለተኛውንስ? ይቅርታውን አልሰማም?»

«ሰማ። ‹እሺ› አለ፣ ሬዲዮውን ዘጋ።»

በማግስቱ የጠዋቱን ሚኒባስ ይዤ ጋሸና ሄድኩ። ሻይ ቤቱ ከመገንጠያው አጠገብ ነው፣ ሹፌሮች ሞልተውታል። አያ ደምሴ መጥተው አጠገቤ ቆሙ። ምንም አላሉም። እኔው «ሻይ» አልኩ። ይዘውልኝ መጡ።

«አያ ደምሴ፣ አስናቁ እባላለሁ» አልኳቸው።

«ድምፅሽን አውቀዋለሁ» አሉኝና ተቀመጡ።

«አጥፍቻለሁ። ይቅር ይበሉኝ። በሕማማት ነበር ያየሁት፣ ሳቄን ይዤው ነበር።»

ቁጣ አልነበረባቸውም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

«በሕማማት አለመሳቅሽ ደግ ነው» አሉኝ። «ሳቁን ከተውሽ አይቀር ምላስሽንም አብረሽ መተው ነበረብሽ።»

አንገቴን ደፋሁ።

«ይቅር ብዬሻለሁ፣ ቂም የለኝም» አሉ። «በሬዲዮ መመለስሽንም ሰምቻለሁ፣ እግዜር ይስጥሽ። ፊልም ግን አልሠራም። ማስተዋል ካሜራውን ስታነሳ ያ የፊተኛው ቃልሽ ጆሮዬ ላይ ይመጣል። የኋለኛው አይመጣም። ምን ላድርገው?»

ስነሣ እስከ ሚኒባሱ ሸኙኝ።

የማስተዋል ሁለተኛ ፊልም ዘንድሮ ወጣ። ሽማግሌውን ከአዲስ አበባ የመጣ ተዋናይ ነው የሠራው። ከሰው ጋር፣ በደህና ቀን፣ ሁለት ጊዜ አየሁት። ጥሩ ነው፣ ያስቃል፤ እንደዚያው ብዬ ተናገርኩ። አያ ደምሴ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠው ከሰዉ እኩል ሲያዩ ነበር። ተዋናዩ ፊቱን ኮስተር ለማድረግ ሲታገል አየዋለሁ፣ ዞር ስል ደግሞ እሳቸውን አያለሁ። ይኸኛውን በሬዲዮ አልተናገርኩም።

አሁን ከኔ በኋላ ፊልም የሚተቹ ወጣቶች አሉ፤ ምን ትመክሪናለሽ ይሉኛል። የምነግራቸው ይኸን ነው፦ በሕማማት ኮሜዲ አትገምግሙ። ፊልሙን የት፣ ከማን ጋር፣ በምን ሁኔታ እንዳያችሁት አስቀድማችሁ ተናገሩ። ስለ ፊልሙ ከተሳሳታችሁ ተመልሳችሁ አርሙ፣ ፊልሙ ይድናል። ሰውየውን ግን እኔ መመለስ አልቻልኩም።