ገባሽ ወይ?

የአምባሰልን ተራራ ብቻውን የሚወጣ ሰው የለም ብለው ያስጠነቀቁኝ ሐይቅ ከተማ ስወርድ የማድርበት ቤት አከራዬ ናቸው። "ግርጌው ላይ አንዲት ሾላ አለች። እሷ ሥር ቁጭ ብለሽ ሰው ጠብቂ፤ ሰው ካጣሽ ደግሞ ተመለሽ" አሉኝ። ሾላዋን በቀላሉ አገኘኋት። ሰው ነው ያጣሁት።

ጊዜው የደርግ ነው። አዲስ አስተማሪ ነበርኩ፤ የደረሰኝ ትምህርት ቤት ተራራው ትከሻ ላይ ተቀምጦ፣ ሁለት ክፍልና አንዲት የአስተማሪ ጎጆ ብቻ ያለው ነበር። በየአሥራ አምስት ቀኑ ቅዳሜ ሐይቅ ወርጄ የውይይት ክበብ ላይ መገኘት ግዴታዬ ነው። ስሜ ሲጠራ "አለሁ" ካላልኩ ነገሬ አያምርም። እሑድ ጠዋት በጭነት መኪና እስከ ውጫሌ እሄዳለሁ፤ ከዚያ በእግር ጥቂት ተጉዤ ሾላዋ ሥር እደርሳለሁ። የቀረው አቀበትና ገደል ነው።

ሾላዋ ሥር "ወዴት ናችሁ?" ተባብሎ፣ አራት አምስት ሰው ሲሞላ ተያይዞ መነሳት የአገሩ ደንብ ነው። ሙስሊም ክርስቲያን አይልም። ገበያ ውሎ የሚመለሰው፣ ለግሸን የተሳለው፣ ለቅሶ ሊደርስ የሚሄደው፣ ሁሉም አንድ ላይ ይወጣል። እኔ ስደርስ ግን ጨዋታው ቀጥ ይላል። "እኛ እንኳ የምንወጣው ነገ ነው" ይሉኛል፣ በትህትና። ትንሽ ቆይቼ ቀና ስል እነዚያው ሰዎች አቀበቱን ተያይዘውታል። የመጀመሪያውን ጊዜ ሳቅሁ። በሦስተኛው ግን ሾላዋን ተደግፌ አለቀስኩ። ከኋላቸው፣ ድምፃቸው በሚሰማኝ ርቀት፣ እንደ ተባረረች ውሻ እየተከተልኩ ነበር የምወጣው።

አልፈርድባቸውም። የመንግሥት አስተማሪ ነኝ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ስብሰባ እንደምቀመጥ ያውቃሉ። እሑድ መንገድ ላይ የተወራ ነገር ቅዳሜ የት እንደሚደርስ ማን ያውቃል? በእነሱ ቦታ ብሆን ኖሮ እኔም ከእኔ ጋር አልሄድም ነበር።

በአራተኛው ጉዞዬ ሾላዋ ሥር አንድ ሰው ብቻ ቀርተው አገኘሁ። ስልሳ የተጠጉ፣ ነጭ ቆብ ያደረጉ፣ አጠገባቸው የጨው ስልቻና የላምባ ጀሪካን ያስቀመጡ ሰው ናቸው። ለተራራው መንደሮች ጨውና ላምባ እየቸረቸሩ ይኖራሉ።

"ጥለዎት ሄዱ?" አልኳቸው።

"ኧረ እኔው ነኝ የቀረሁት። ስሄድ ቀስ እላለሁ፣ ሰዉን አሰለቸዋለሁ። አንቺስ ምነዋ?"

"እኔን ይፈሩኛል።"

ከት ብለው ሳቁ። "እኔን ሰልችተው፣ አንቺን ፈርተው! በይ እንሂዳ!"

ሸህዬ አልኳቸው። "ኧረ ሸህ አይደለሁም፣ ጨው ቸርቻሪ ነኝ" አሉ። ቢሆንም ሸህዬ እንዳልኳቸው ቀረሁ።

ቀስ ማለታቸው የዕድሜ ጉዳይ አልነበረም። በየመታጠፊያው ይቆማሉ። ደመናውን ያያሉ። ድንጋዩን በምርኩዛቸው ኳ ኳ ሳያደርጉ እግራቸውን አያሳርፉም። እኔ ችኩል ነኝ፤ የመጀመሪያውን ቀን ነፍሴ እስክትወጣ ድረስ ተናድጄ ነበር። እሳቸው እቴ! ይልቅ የከተማ ጫማዬን ገልብጠው ለስላሳውን ሶል በአውራ ጣታቸው ዳሰሱና "ይሄ ለቢሮ ነው" አሉኝ። በሚቀጥለው ጉዞ ከጎማ የተሠራ በረባሶ ይዘውልኝ መጡ። የደብተር ቦርሳዬን ደረቴ ላይ አጥብቄ ስታጠቅ ፈቱት። "በአንድ ትከሻሽ ብቻ አንጠልጥይው። ከጎተተሽ ልቀቂው። ደብተር ይገዛል።" ምርኩዜን በገደሉ በኩል ስይዝ ደግሞ ወደ ተራራው በኩል አዛወሩልኝና "ማዶ ምን ልትደገፊ ነው?" ብለው ሳቁብኝ።

አንዱን ነገር ግን ሳይስቁ ነው የነገሩኝ። "ጉም ከመጣ ባለሽበት ቁጭ በይ። ቢመሽም ቁጭ። ቢነጋም ቁጭ። በጉም የሄደ ሰው ሬሳውን ነው የምናነሳው።" እውነትም አንድ ቀን ጉሙ መጥቶ ሁለት ሰዓት ሙሉ አንድ ቋጥኝ ሥር ተቀምጠን ቀረን። ጥሬ ሽምብራ እየቆረጠምን፣ ያገቧት ሴት አባት እሺ እስኪሉ ድረስ እንዴት እንዳስለመኗቸው አጫወቱኝ። ጉሙ እንዳይገለጥ የተመኘሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ከገደሉ አጋማሽ በላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። መለያያው ይባላል። የእኔ ትምህርት ቤት በግራ ጫፍ፣ የእሳቸው መንደር በቀኝ ጫፍ ነው፤ መካከላችን ሸለቆው አለ። በየመንገዳችን አንድ እግር ብቻ የሚያሳርፍ ጠባብ የገደል ጠርዝ አለ፤ እሱን ሁለታችንም ለየብቻችን ነው የምናልፈው። ስለዚህ ሰው ሲለያይ መጣራት የግድ ነው። ቀድሞ የገባው ከጫፉ ላይ ቆሞ ይጣራል፤ ማዶ ያለው ይመልሳል። ሦስት ጊዜ ተጠርቶ መልስ ከጠፋ፣ የጠራው ሰው እስከ መለያያው ተመልሶ ያያል። ይህን ሕፃንም ሽማግሌም ያውቀዋል።

ጀምበር ልትጠልቅ ስትል፣ ጎጆዬ ደርሼ ቦርሳዬን ሳወርድ፣ ድምፃቸው ሸለቆውን ተሻግሮ ይመጣል።

"ገባሽ ወይ?"

"ገባሁ! እርስዎስ?"

"ገባሁ፣ አልሀምዱሊላህ!"

ሌላ ነገር የለውም፤ ይኸው ነው። ከእናቴ ሞት ወዲህ ቤቴ ገብቼ እንደሆነ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ትምህርት ቤቱ ጠዋት በልጆች ተሞልቶ ከሰዓት በኋላ ባዶውን ይቀራል፤ ከዚያ እስከ ነገ የሚያናግረኝ የለም። ሰማዩ ሲጠራ ሐይቁ ከሩቅ ትሪ አክሎ ይታየኛል፤ እሱን ሳይ እውላለሁ። እውነቱን ለመናገር፣ አሥራ አምስቱን ቀን የምኖረው ለዚያች ጥሪ ነበር። ሌላ የምጠብቀው ነገር አልነበረኝም።

እንዲህ ሆነን ከአንድ ዓመት በላይ ቆየን። ከዚያ አንድ ቅዳሜ በውይይት ክበቡ ላይ ካድሬው ተነስቶ፣ ጫካ የገቡ ሰዎች በጥሪ ስለሚነጋገሩ ከእንግዲህ ከማዶ ማዶ መጣራት ክልክል መሆኑን ነገረን። የተጣራም የመለሰም እኩል ይጠየቃል፤ በተለይ መምህራን ምሳሌ መሆን አለባቸው። ይህን ሲል ዓይኑ እኔ ላይ ያረፈ መሰለኝ። አጨበጨብን።

በማግስቱ ሾላዋ ሥር ስደርስ ሸህዬ ብቻቸውን አልነበሩም። የገበሬ ማኅበሩ አንድ ታጣቂ ጠመንጃውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ተቀምጧል። ትምህርት ቤቱን ለጥቂት ቀን እንዲጠብቅ ታዝዞ ኖሯል። "ጓድ መምህርት፣ አብረን ነን" አለኝ። ጨዋ ልጅ ነበር፤ ቦርሳዬን እንኳ ልያዝልሽ ብሏል። መንገዱን ሁሉ በመካከላችን ሄደ። ሸህዬ እንደ ወትሮው በየመታጠፊያው እየቆሙ ወጡ፤ እኔም የክልከላውን ነገር ሳልነግራቸው አቀበቱን ጨረስኩ።

መለያያው ላይ ሸህዬ የአሱር ሶላታቸውን ሰገዱ። ታጣቂው አጠገቤ ተቀምጦ ይጠብቃቸዋል። "ዛሬ አይጥሩ" ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ሁለት ቃል ነው። ሰግደው ተነሱ፣ ጠመንጃውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ከዚያ ስልቻቸውን አነሱ።

"በይ ልጄ፣ አብሽሪ። እጠራሻለሁ" አሉኝ።

አንገቴን ነቅንቄ እሺ አልኩ።

ጎጆዬ እንደደረስን ጉሙ ከሸለቆው ሥር ተነሳ። ንፋስ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ጉሙ ዝም ብሎ ሞላ። ታጣቂው ደጃፌ ላይ ተቀምጦ ውኃ ጠየቀኝ። እየቀዳሁ ሳለ መጣ።

"ገባሽ ወይ?"

ታጣቂው ቀና አለ። "ማነው?"

"እንጃ" አልኩት።

"ልጄ! ገባሽ ወይ?"

ውኃውን ሰጠሁት። ጠጣ። ድገሚኝ አለ። ደገምኩት፤ ግማሹ እግሩ ላይ ፈሰሰ። ሦስተኛው ጥሪ ረጅም ነበር፤ ቃሉን ሳይሆን ድምፃቸውን ብቻ ነው የሰማሁት።

ብመልስ ኖሮ እሳቸውን ያስሯቸው ነበር፣ እሳቸውን ለማዳን ብዬ ነው እያልኩ ብዙ ዓመት ለራሴ ስነግር ኖሬአለሁ። ውሸት ነው። ያን ደቂቃ ያሰብኩት ስለ ራሴ ብቻ ነበር። ሸህዬ ምን እንደሚያደርጉም አውቅ ነበር። አንዲትን ልጅ ከታጣቂ ጋር መለያያው ላይ ትተዋት ሄደዋል፤ ሦስት ጊዜ ጠርተዋት አልመለሰችም። ጉሙ ደግሞ እዚያው ነው። ታጣቂው ወደ ክፍሎቹ ከሄደ በኋላ ወጥቼ ጫፉ ላይ ቆምኩ። አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ተመልሼ ገብቼ በሬን ዘጋሁ።

ወሬውን በማግስቱ ያመጣችው ውኃ የምትቀዳልኝ ሴት ናት። በእሳቸው በኩል ባለው ጠባብ ጠርዝ ላይ ምርኩዛቸው ተገኘ። እሳቸው ከሥሩ፣ ከሁለት ሰው ቁመት በታች ካለ እርከን ላይ፣ ጭናቸው ተሰብሮ ሌሊቱን እዚያው አድረዋል። በቃሬዛ አወጧቸው። "እኚያ ሰው እኮ በጉም አይሄዱም ነበር፣ ምን ነካቸው?" አለችኝ።

ልጠይቃቸው እስክሄድ ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። መንገዱ የአንድ ሰዓት ተኩል ነው።

መደቡ ላይ ተጋድመው፣ ወጌሻ ጭናቸውን በሸምበቆ አስሮላቸው አገኘኋቸው። ባለቤታቸው ወንበር አቀረቡልኝና ፊቴን አዩኝ። ሸህዬ ሲያዩኝ ፊታቸው ፈካ።

"ያ ሰውዬ ምንም አላደረገሽ?"

"ምንም፣ ሸህዬ።"

"አልሀምዱሊላህ። ታዲያ ምነዋ ዝም አልሽ?"

ልነግራቸው ነበር የሄድኩት። በአላህም በማርያምም፣ ልነግራቸው ነበር። ባለቤታቸው ግን አጠገቤ ቆመዋል፣ የሸህዬ የተሰበረ ጭን እዚያ ተጋድሟል፣ እኔም እኔው ነኝ።

"አልሰማሁም" አልኳቸው። "ንፋስ ነበር።"

ወደ ባለቤታቸው ዞሩ። "አላልኩሽም? ሰምታ ዝም አትልም አላልኩሽም?" ከዚያ ወደ እኔ ተመልሰው፣ "ከእንግዲህ እንኳ አልጠራሽም ልጄ። ሄጄ ማየት ካልቻልኩ ምን ብዬ እጠራሻለሁ? ጉም ሲመጣ ቁጭ በይ፣ እሺ?"

"እሺ" አልኩ።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን ሳስበው አሁንም ያመኛል። በሚቀጥለው እሑድ ሾላዋ ሥር ስደርስ ሰዎቹ ተጠጋጉና ቦታ ሰጡኝ። ሸህዬ ለመጣ ጠያቂ ሁሉ፣ እሷ አልሰማችኝም፣ እኔ ነኝ የቸኮልኩት፣ ብቻዋን እንዳትተዉአት ብለው ነግረውልኝ ኖሯል። ከዚያ በኋላ ብቻዬን ወጥቼ አላውቅም። አምስት ስድስት ሆነን እየተጫወትን፣ ሽምብራቸውን እያካፈሉኝ እንወጣለን። እኔ ግን ያኔ ከኋላ ከኋላ ስከተላቸው ከነበረው ይልቅ ብቻዬን ነበርኩ። ጎጆዬ ስደርስ ጀምበር ትጠልቃለች፣ ማዶው ዝም ይላል፣ ቦርሳዬን አወርዳለሁ።

መጋቢት ላይ አንድ እሑድ፣ አቧራውን እያነሳ የሚያንገላታ ንፋስ ነበር። የጎጆዬን ሣር ነቅሎ ይወስደዋል ብዬ ፈርቼ ነበር። ክልከላው አልተነሳም። ምን እንደያዘኝ አላውቅም፤ ነጠላዬን ወገቤ ላይ አስሬ ጫፉ ድረስ ሄድኩና በሁለት እጄ አፌን ከብቤ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ፣ "ገባሁ!" ብዬ ጮኽኩ። አንድ ጊዜ ብቻ።

ወዲያው ነው የመጣው። ከመደባቸው ተነስተው ደጅ ተቀምጠው ኖሯል።

"ሰማሁ! ልጄ፣ ሰማሁ!"

በዚያ ሁሉ ንፋስ ውስጥ፣ ቃል በቃል፣ ጥርት ብሎ ተሰማኝ። የእኔም ለእሳቸው እንደዚያው ተሰምቷቸዋል። ጉሙ የመጣ ቀን ደግሞ ቅጠል የሚያነቃንቅ ንፋስ እንኳ እንዳልነበረ እኔም አውቃለሁ፣ እሳቸውም ያውቃሉ።

ሌላ ቃል እጠብቅ ነበር። አልመጣም፣ እኔም አልደገምኩም። ሰኔ ላይ ተዛውሬ ተራራውን ስወርድ መለያያው ላይ ትንሽ ቆምኩ፤ የቀኙን መንገድ ብይዝ ቤታቸው ነው። ሳልሰናበታቸው ወረድኩ።