እማዬ የገዛችው ካቻቢቴ

እርጥብ ሲሚንቶ ከአዲስ ቀለም ጋር ተደባልቆ በሸተተኝ ቁጥር ጀሞ ኮንዶሚኒየም የገባንበት ክረምት ይመጣብኛል። ቤቱ ገና በወጉ አላለቀም ነበር፤ በሩ ተንጋድዶ፣ ሶኬቱ ከግድግዳው ወልቆ፣ የመስኮቱ መያዣ ስንነካው እጃችን ላይ እየቀረ ነበር የተቀበለን። አባቴ ቁም ሳጥኑን በትከሻው ተሸክሞ አራተኛ ፎቅ ድረስ በደረጃ ወጥቶ አስገባና፣ ላቡን በእጅጌው ጠርጎ፣ ግንባሬን ስሞኝ ወጣ። ከእናቴ ጋር ተለያይተው ፉሪ ቤት ተከራይቶ ነበር፤ እኔ ግን ነገሩ የገባኝ ለእራት ሳይመለስ ሲቀር ነው።

መስከረም ከጠባ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣ ጀመር። በርና መስኮት የሚሠራ ብረታ ብረት ቤት ተቀጥሮ ስለነበር፣ አንድ ነገር በተበላሸ ቁጥር እናቴ ትደውልለት ነበር፤ እሱም ካቻቢቴውን በጋዜጣ ጠቅልሎ መጥቶ፣ ጫማውን አውልቆ፣ እንደ እንግዳ «ቤቶች!» ብሎ ይገባ ነበር። እኔ አጠገቡ ተንበርክኬ የስልኩን መብራት አበራለት ነበር። እናቴ ሻይ ታስቀምጥለትና ወደ ጓዳ ትመለሳለች። የሚነጋገሩት ስለ ማጠፊያና ስለ ቁልፍ ብቻ ነበር። ሲጨርስ ዓይኑን ወደ ጓዳው ጥሎ «ሌላ የላላ ነገር አለ?» ይል ነበር።

ከገና በኋላ እናቴ እጄን ይዛ መካኒሳ፣ አንድ የሕንፃ ዕቃ መሸጫ ወሰደችኝ።

«ካቻቢቴ ፈልጌ ነበር።»

«ለምን ሥራ ነው እህቴ?» አላት ባለሱቁ።

«ለየዕለቱ። በር ሲላላ፣ ሶኬት ሲወልቅ፣ ሰው ሳላስቸግር ራሴ እንዳጠብቀው።»

ባለሱቁ ጫፉ የሚቀያየር ብዙ ዓይነት የያዘውን የሚያብረቀርቅ ሳጥን ወደ ጎን ገፋ አድርጎ፣ ስድስት ፍሬ ብቻ ያለበትን አወጣ። «ብዛቱ አያታልልሽ። ጠፍጣፋና መስቀለኛ፣ ትልቅና ትንሽ ካለሽ ይበቃሻል፤ ዋናው ጫፉ ቶሎ የማይበላ፣ እጀታው የማያሙለጨልጭ መሆኑ ነው።»

እናቴ አንድ በአንድ እየጨበጠች ስትሞክር ቀሚሷን ጎተትኳት።

«አባዬ አለው እኮ» አልኳት።

«አውቃለሁ፣ የኔ እናት» አለችኝና ገዛችው።

የዚያን ቅዳሜ አባቴ ሳይጠራ መጣ። መደርደሪያው ላይ አዲሶቹን አየና አንዱን አንስቶ፣ ጫፉን በአውራ ጣቱ ዳስሶ፣ «ጥሩ መርጠሻል» አላት። «ከብሎኑ ራስ ጋር ልክ የሚገጥመውን ተጠቀሚ፤ ካነሰ ብሎኑን ይበላዋል።» ሻዩን ቆሞ ጠጥቶ ሄደ። ጾሙ ገባ፣ ፋሲካ አለፈ፣ አልመጣም። እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ደረጃው ላይ ተቀምጬ የሚወጣውን ሰው ሁሉ ኮቴ አዳምጥ ነበር።

ክረምቱ ተመልሶ ነፋሱ መስኮቱን ሲያንገጫግጨው እናቴ ልታጠብቀው ተነሳች። አንዱ ብሎን ዞረላት፣ ሁለተኛውም ዞረ። ግራ ተጋብታ ወደ በሩ ሄደች፣ ከዚያ ወደ ሶኬቱ፤ አባቴ የነካው ሁሉ ሳይጠብቅ የተተወ ነበር። እሱ የሠራው በር ዘመን ቢቆይ እንደማይነቃነቅ ደግሞ የሚያውቀው ሁሉ ይመሰክርለት ነበር። እናቴ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ ፊቷን በሻርፗ ሸፈነች።

«ምነው እማዬ?»

«ተመልሶ ለመምጣት ብሎ ነው ሳያጠብቅ ሲተወው የነበረው» አለች፣ ለእኔ ሳይሆን ለራሷ። ስልኳን አነሳች፣ ቁጥሩን አየችው፣ መልሳ አስቀመጠችው። ከዚያ ተነስታ ብሎኖቹን አንድ በአንድ እስከ መጨረሻው አጠበቀቻቸው።

ዛሬ እኔም ሥራ ይዤ የራሴን ኑሮ እኖራለሁ፣ አባቴን ግን ፉሪ እየሄድኩ እጠይቀዋለሁ። ጉልበቱን ያመዋል። ባለፈው ፋሲካ እናቴ «አባትሽን አምጪው» ብላኝ በታክሲ አመጣሁት፤ ከሕንፃው ሥር ደርሶ ሽቅብ አየና «ይቅር ልጄ፣ አልችለውም» አለኝ። እሷ ምግቡን በሳህን ይዛ ወረደች፣ ግቢው ውስጥ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው አብረው በሉ። ያኔ ጉልበቱ ነበረው፣ የሚጠራው ነበር ያጣው፤ ዛሬ እናቴ ትጠራዋለች፣ መውጣት ግን አይችልም።