በቆርቆሮ ቤት ውስጥ የተደበቀ ሽቦ

የመጀመሪያው ጥፋቴ ያቺን ክፍል እንደ ቪላ ማየቴ ነው። ርዝመቷ አራት ሜትር፣ ወርዷ ሦስት፤ ሐርጌሳ፣ ኮድቡር ሰፈር ውስጥ፣ ከአንዲት ሴትዮ ግቢ ጀርባ፣ በእንጨት ቋሚ ላይ ቆርቆሮ ተመትቶባት ከውስጥ በኮምፔንሳቶ የተለበጠች። አልጋው ላይ እንደተቀመጥኩ በሩን መክፈት እችል ነበር። ለዚህች ክፍል ሦስት ሶኬት፣ ሁለት አምፖልና አንድ የብሬከር ሳጥን ወረቀት ላይ ስነድፍ ያየችኝ ሚስቴ «ስንተኛው ፎቅ ላይ ነን?» አለችኝ።

ጊዜው አገር ቤት ጦርነት የነበረበት ነው። ሁለታችንም ወሎዎች ነን። አንድ ዓመት ሠርተን ልንመለስ ነበር ሐሳባችን፤ ከዚያ መንገዱ ተዘጋ፣ ስልኩም ሲፈልግ ይሠራል ሲፈልግ ይጠፋል። እኔ ሕንፃዎች ላይ የኤሌክትሪክ መስመር እዘረጋለሁ፤ እሷ ሰው ቤት ተቀጥራ እዚያው ታድራለች። የምትመጣው ዓርብ ዓርብ ብቻ ስለሆነ በሳምንት አንድ ቀን ባልና ሚስት ነበርን ማለት ይቻላል። ስፌት ግን ታውቃለች። አንድ ትምህርት ቤት የደንብ ልብስ ሰፊ እንደሚፈልግ ስትሰማ፣ ሞተር ያለው የስፌት መኪና ገዛችና ከአሠሪዋ የአሥር ቀን ፈቃድ ጠየቀች። ሴትየዋ ክፉ አይደለችም፤ ቁርጡን ማወቅ ትወዳለች እንጂ። በአሥረኛው ቀን ጠዋት እደውላለሁ፣ ትመጪ እንደሆነ ትነግሪኛለሽ፣ ካልመጣሽ ሌላ ሰው እቀጥራለሁ አለቻት። እንግዲህ በእነዚያ አሥር ቀናት መኪናው ከሠራ ሚስቴ ከእኔ ጋር ትኖራለች፤ ካልሠራ ትሄዳለች።

የመብራት መስመር ወደ ጀርባዋ ክፍል አይደርስም። ከዋሄን ገበያ ሶላር፣ ባትሪና ኢንቨርተር አምጥቼ፣ ሶላሩን ጣሪያው ላይ አሰርኩ። ኢንቨርተር የባትሪውን ኃይል የቤት ዕቃ ወደሚቀበለው ኤሌክትሪክ የሚለውጥ ሳጥን ነው። ይህ ሁሉ ግማሽ ቀን አልፈጀም። ጭቅጭቁ የመጣው ከሳጥኑ የሚወጣው ሽቦ በየት በኩል ይሂድ በሚለው ላይ ነው።

«ሳጥኑ ራሱ ሶኬት አለው» አለች ሚስቴ። «አንድ ማከፋፈያ ሰካበትና መኪናዬን አስነሳልኝ። ካውያዬ እንደሆነ የከሰል ነው፣ መብራትህን አይነካም።»

«ገመድ መሬት ለመሬት የሚጎተትበት ቤት የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ቤት አይባልም» አልኳት፣ ደረቴን ነፍቼ።

የግቢዋ ባለቤት ድሬዳዋ ያደገች የሐርጌሳ ሴት ናት፤ አማርኛዋ ከእኔ ይፈጥናል። ኤዶ እላታለሁ፣ ሶማሊዎች አክስታቸውን እንደሚጠሩት። እሷም የራሷን ምክር ይዛ መጣች። «አቦ ምን ያደክምሃል? በሁለቱም ጫፍ መሰኪያ ያለው ገመድ ሥራና የኔን ሶኬት ካንተ ሶኬት አገናኘው። የኔ ሲጠፋ ያንተ ያበራልኛል።»

«ኤዶ፣ እሱ ገመድ ሰው ይገድላል!» ብዬ ጮኽኩ። «አንዱን ጫፍ ሲነቅሉት እጅዎ ላይ ያለው ብረት ኤሌክትሪክ ይዞ ነው የሚወጣው!» ጩኸቴ ልክ ነበር፤ ዛሬም ቢሆን እጮሃለሁ። ችግሩ ግን በዚህ ልክ መሆኔ በሌላውም ነገር ሁሉ ልክ የሆንኩ አስመሰለኝ።

ሙያውን ያስተማረኝ ሰው ኮምቦልቻ ውስጥ ግድግዳ እየጠረበ ሽቦ የሚቀብር ነበር። ሽቦ ከታየ ሥራው አላለቀም ይለን ነበር። እኔም ኮምፔንሳቶውን አንድ በአንድ ነቅዬ፣ ሽቦውን በቆርቆሮውና በእንጨቱ መሀል ደብቄ፣ መልሼ መታሁት። በምዕራብ በኩል በሩ አለ፤ በሰሜን አልጋው፣ በደቡብ የስፌት መኪናው ተጠግቷል። ስለዚህ ባዶውን የምሥራቁን ግድግዳ መረጥኩ። ስድስት ቀን ፈጀብኝ። ሚስቴ ጨርቁን ቆርጣ ጨርሳ፣ እጇን አጣጥፋ በሩ ላይ ተቀምጣ ታየኛለች።

በሰባተኛው ቀን አምፖሉ በራ፣ መኪናውም ዞረ። አንዲት ሽቦ አትታይም። ኩራቴ ልክ አልነበረውም፤ ኤዶንም ጠርቼ አሳየኋት።

በማግስቱ ከሥራ ስመለስ ሚስቴ እየዘፈነች ትሰፋለች። ገና ጫማዬን ሳላወልቅ ኤዶ ከውጭ ጮኸች፦ «አንተ ልጅ! ቤትህ ፍየሌን መታት ወላሂ!»

ወጣሁ። ፍየሏ ጎኗን በቆርቆሯችን ስታክ ነበር አሉ፤ አሁን ከግቢው ጥግ ቆማ ቤታችንን በጥርጣሬ ታያለች። ስቄ ኤሌክትሪክ ሲያገኘው የሚበራውን ቴስተሬን ቆርቆሮው ላይ ሳስጠጋው በራ። ሳቄ ጠፋ። በሌላው ጎንም በራ። ሮጬ ኢንቨርተሩን አጠፋሁና ዓይኔን ግድግዳው ላይ ሳሳርፍ፣ በምሥራቅ በኩል፣ ቆንጆ ሆና የተሰቀለች የእመቤታችን ሥዕል አየሁ።

ምስማሩ በኮምፔንሳቶው አልፎ፣ ሽቦዬን ወግቶ፣ ቆርቆሮው ድረስ ደርሷል። ኢንቨርተሩን ከመሬት ጋር ስላላያያዝኩት አደጋ ሲኖር መስመሩን መቁረጥ ያለበት ብሬከር ምንም አላወቀም፤ ፍየሏንም ነዝሯት ብቻ የተዋት ለዚያው ነው። በአገራችን ሥዕል የሚሰቀለው በምሥራቅ እንደሆነ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። ከአራት ግድግዳ መርጬ ሽቦ የቀበርኩት ሚስቴ ምስማር በምትመታበት ላይ ነው።

«ሥዕሉን ሌላ ቦታ ስቀይው» አልኳት፣ ተናድጄ።

«ሌላ ምሥራቅ አለ እንዴ?» አለችኝ።

ልቆጣ አፌን ከፍቼ ሳቅ ቀደመኝ። እሷ ግን አልሳቀችም። መኪናዋን በጨርቅ ሸፈነችና «ሁለት ቀን ነው የቀረው» አለች ቀስ ብላ። «ካልሆነ ለጊዜው እመለሳለሁ። አታስብ።» አታስብ ስትለኝ ፈራሁ። ለጊዜው ያልነው ነገር ሁሉ ዓመት እንደሚያልፈው ሁለታችንም እናውቀው ነበር፤ ሐርጌሳም የመጣነው ለጊዜው ነው። የእኔ ሽቦ እንዳይታይ ብዬ ሚስቴን ላጣት ነው።

በማግስቱ ከሥራ ቀረሁ። የቀበርኩትን ሁሉ አውጥቼ ጣልኩ፤ የኮምቦልቻውን ሰው በልቤ ይቅርታ ጠየቅኩት። ክዳን ያለው ነጭ የፕላስቲክ ቦይ አምጥቼ ግድግዳው ላይ በግልጽ፣ በወገብ ልክ ዘረጋሁ። መስመሩን ያሰመረችልኝ ሚስቴ ናት፣ በልብስ ጠመኔዋ፤ እጇ ከእኔ የቀና ነው። ከበሩ ውጭ የብረት ዘንግ መሬት ውስጥ ቀበርኩና የኢንቨርተሩን አንድ ሽቦም ቆርቆሮውንም ከሱ ጋር አሰርኩ። እንዲህ ከሆነ ሽቦ ቆርቆሮ ቢነካ ብሬከሩ ወዲያው ይቆርጣል። የሐርጌሳ አፈር ደረቅ ስለሆነ፣ ደረቅ አፈር ደግሞ ኤሌክትሪክ በደንብ ስለማያሳልፍ፣ ኤዶን የልብስ እጣቢውን ዘንጉ ሥር እንድትደፋልኝ ለመንኳት።

«ብረት ተክለህ ውሃ አጠጪ ትለኛለህ» አለች። «መቼ ነው የሚያፈራው?» ግን ባልዲዋን ይዛ መጣች።

ዘጠነኛው ቀን ሲመሽ ሆን ብዬ አንድ ሽቦ ከቆርቆሮው ጋር አነካካሁ። ብሬከሩ ቀጭ ብሎ ወረደ። እንደገና አነካካሁ፤ እንደገና ወረደ። ሚስቴ በሦስተኛው «በቃህ፣ ልሥራበት» ብላ ገፋችኝ። ነጩ ቦይ ቤቱን ዙሪያውን እንደ መቀነት ታጥቆት ከየትም ይታያል። አስቀያሚ ነው፤ አልዋሽም።

በአሥረኛው ቀን ጠዋት እሷ ገና ኮሌታ ያልገባለትን ሰማያዊ የተማሪ ቀሚስ እየሰፋች፣ እኔ አልጋው ላይ ተቀምጬ ሻይ እየጠጣሁ፣ ስልኳ ጮኸ። አሠሪዋ ናት። ሚስቴ ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መሀል ያዘችው፤ እግሯን ከመርገጫው አላነሳችም። በተማረችው ሶማልኛ ቀስ ብላ፣ በአክብሮት፣ እንደማትመጣ ነገረቻት። ሴትየዋ ምክንያቱን ሳትጠይቃት አልቀረችም።

«ቤቴ ነኝ» አለቻት ሚስቴ። «ቤቴ ውስጥ ሥራ አለኝ።»

እስከዚያ ቀን ድረስ ያቺን ክፍል ቤቴ ብላት አታውቅም። ቤቴ የምትለው ወሎ ያለውን፣ መንገዱ የተዘጋብንን የወላጆቿን ቤት ነበር። ሻዬን አስቀምጬ፣ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ፣ ምንም ያልሆነውን የብሬከር ሳጥን ከፍቼ መመርመር ጀመርኩ።