በቅናት የለወጥኩት አንቀጽ

ለባሌ አልነገርኩም። ለንስሐ አባቴም ሌላ ሌላውን ኃጢአቴን ስናዘዝ ይህን ዘልዬዋለሁ። እናንተ ስለማታውቁኝ ልናገረው።

ነቀምቴ ውስጥ ዓቃቤ ሕግ ነኝ፤ የቡድን መሪ። ከሥሬ ጫልቱ የምትባል ወጣት ዓቃቤ ሕግ ነበረች። ባለጉዳዩ ከጉቶ ጊዳ ገጠር ጭቃ ረግጦ ይመጣና የኔን በር አልፎ እሷን ይፈልጋል። እኔኑ “ጫልቱ የለችም?” ይሉኛል። ዳኞቹ ሳይቀሩ ስሟን ሲያነሱ ፈገግ ይላሉ። እኔ በዚያ ቢሮ አርጅቻለሁ፤ የኔን ስም ሲያነሳ ፈገግ ያለ ማን ነበር? ቀናሁ። ሳቋ ከወዲያኛው ክፍል ሲሰማኝ ጥርሴን እነክስ ነበር።

አንድ ቀን ገመቹ የሚባል ገበሬ መዝገብ አቀረበችልኝ። ከብት በቆሎው ውስጥ ገብቶበት ከወንድሙ ጋር ተጣሉ፤ ገፈተረው፤ ወንድሙ ጭንቅላቱን ድንጋይ መታውና ሞተ። ምስክሮቹ አንዴ ከመግፋቱ ሌላ ያዩት የለም። ጫልቱ ክሱን በቸልተኝነት ሰው መግደል ብላ አርቅቃዋለች። ትክክል ነበረች። ትክክል መሆኗን አንብቤ ሳልጨርስ አውቄዋለሁ። ያንገበገበኝም እሱው ነው።

ሆን ብሎ መግደል ብዬ ለወጥኩት። ሥልጣኑ ነበረኝ፤ ግን የተሰጠኝ ማስረጃውን እንድመዝንበት እንጂ ቅናቴን እንድወጣበት ነበር? በዚያ አንቀጽ ዋስትና እንደሚከለከል ከኔ በላይ ማን ያውቃል? ሰውዬውን አላሰብኩትም። እኔ የፈለግኩት የሷ ፊት ሲጠቁር ማየት ነበር።

እናቱ መጡ። የቢሮዬ በር ላይ ቆመው፣ “ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ሟቹም የኔ፣ ገዳይ ያላችሁትም የኔ። አንዱን አፈር በላው፤ ሁለተኛውን እንኳ ብትተዉልኝ?” አሉኝ።

“ጉዳዩ ፍርድ ቤት ነው” አልኳቸው።

ልጃቸው እንደታሰረ ሞቱ፤ አልቀበራቸውም። ኋላ፣ ጫልቱ ከቢሯችን ከተዛወረች ወዲያ፣ ፍርድ ቤቱ አንቀጹን ቀይሮ፣ የታሰረው ይበቃዋል ብሎ ለቀቀው። እኔን የጠየቀኝ የለም።

ክሱን የለወጥኩ ዕለት ግን የጫልቱ ፊት አልጠቆረም። ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች።

“እትዬ፣ የቱ ጋ እንደተሳሳትኩ ያሳዩኝ፤ ልማር” አለችኝ።

አሳየኋት። በቁጣ የገፋ ሰው ሞቱን ፈልጎታል ማለት ነው እያልኩ ውሸት አስተማርኳት። አመስግናኝ ወጣች። እኔም ደስ አለኝ። አዎ፣ ደስ አለኝ።

ዛሬ ጫልቱ አንገር ጉቲን በኩል ተዛውራ እሷም በተራዋ ኃላፊ ሆናለች። በቀደም ደወለችልኝ።

“እትዬ፣ ሰው የሞተበት አንድ የጠብ ጉዳይ መጣብኝ። ከሥሬ ያሉት ልጆች በቸልተኝነት እንበለው ሲሉኝ፣ እርስዎ ያስተማሩኝን አስታውሼ ሆን ብሎ ነው አልኳቸው።”

የዋሸሁሽ ቀንቼብሽ ነው፣ አሁን የከሰስሽውን ሰው አስፈቺው ማለት ነበረብኝ። አፌ ላይ መጥቶ ነበር።

“ጎበዝ” አልኳት።

ይቅር በሉኝ አልልም። ያ ሰው አሁንም እስር ቤት ነው፤ እኔም እስከ ዛሬ መልሼ አልደወልኩላትም።