ነጠላዬን ቋጥራ ዳኛ ዘንድ የወሰደችኝ ከሳሽ

ትናንት ጠዋት ደባርቅ ውስጥ ተከስሼ ተያዝኩ... እኔ ዳኛዋ!

ነገሩ እንዲህ ነው። የአንድ መዋዕለ ሕፃናት መምህርት «ሕግ ምን እንደሆነ ለልጆቹ ንገሪልኝ» ብላ ለመነችኝ። ችሎት ከመግባቴ በፊት ለብርዱ ነጠላዬን ደርቤ ሄድኩ።

ሥልጣንን ለአምስት ዓመት ልጅ ማስረዳት ግን ፍርድ ከመጻፍ ይከብዳል። «እርስዎ ከፖሊስ ይበልጣሉ? ከአባቴስ?» እያሉ መፈናፈኛ አሳጡኝ።

ቢጨንቀኝ የድሮውን አነሳሁ። ፖሊስ ባልነበረበት ዘመን የተበደለ ሰው «በሕግ አምላክ!» ይላል፤ በዳዩ ቀጥ ይላል። ከዚያ የሁለቱ ነጠላ ጫፍ ለጫፍ ይቋጠርና ተቆራኝተው ዳኛ ዘንድ ይሄዳሉ። «በሕግ አምላክ ሲሉት እንኳን ሰው ወራጅ ውኃ ይቆማል!» አልኳቸው። አፋቸውን ከፍተው ሰሙኝ። ጎበዝ አስተማሪ የሆንኩ መስሎኝ ደስ አለኝ።

ስጨርስ ፊት ለተቀመጠች አንዲት ልጅ እርሳሷን ቀርጬ ደብተሯ ላይ ሚዛን ሳልኩላትና ተሰናብቼ ወጣሁ። ባጃጅ ውስጥ አንድ እግሬን እንዳስገባሁ...

«በሕግ አምላክ!»

ዞር ስል ያችው ልጅ ናት። ክፍሉ በሙሉ ከኋላዋ ግር ብሎ ወጥቷል። ደርሳ የነጠላዬን ጫፍ ለብርዱ ከደረበቻት ፎጣ ጋር ትቋጥር ጀመር።

«ምን አጠፋሁ የኔ እናት?»

«መቅረጫዬን ወስደዋል! የወንድሜ ነው፤ ይዤ ካልገባሁ ሁለተኛ አያውሰኝም!» እንባዋ ቀርቧል።

ኪሴን ብፈትሽ... አለ! ሳላስበው ከትቼዋለሁ። አፍሬ «እንቺ» ስላት እጄን ገፋችው።

«እንዲህ አላሉም! ዳኛ ዘንድ ነው!»

«ዳኛዋ እኮ እኔ ነኝ!»

«እርስዎማ ተከሳሽ ነዎት!»

የባጃጁ ሹፌር በሳቅ መሪው ላይ ተደፋ። እኔም ነጠላዬ እንዳይቀደድ ጎንበስ ብዬ ከሳሼን ተከተልኩ።

መምህርቷ ለዳኝነት ተቀመጠች፤ ፍርዱን ግን ልጆቹ ናቸው ጮኸው የሰጡት። መቅረጫው ይመለስ፤ ዳኛዋም የክፍሉን እርሳስ ሁሉ ትቅረጽ! ከሳሼ ቋጠሮውን የፈታችው የመጨረሻው እርሳስ ከሾለ በኋላ ነው። መቅረጫዋን ጨብጣ ጉንጬን ሳመችኝ። እንዲህ ደስ ያለኝን ቀን አላስታውስም።

ችሎት አርፍጄ ገባሁና ባለጉዳዮቼን ይቅርታ ጠየቅኩ።

ወራጅ ውኃ ሲቆም እስከ ዛሬ አላየሁም... ዳኛ ግን ትቆማለች።